የጃስሚኑ ሽቶ

ማራኪ ለበጋው ሙቀት ቀለል ያለ ሽቶ ፈልጋ ቤቴል ወደሚገኘው የፈሀድ ሱቅ ጎራ አለች። ፈሀድ ሁለት የአበባ ሽቶ አቀረበላት፤ አንዱ ጽጌረዳ፣ ሌላው ጃስሚን። መምረጥ አቃታት።

«በቃ፣ ከሁለቱም ለሙከራ ልስጥሽና ቤትሽ ሄደሽ ለዪው» ብሎ ሁለት ትንንሽ ብልቃጥ ሰጣት።

ባሏ ወንድይፍራው ከሦስት ዓመት በፊት ታሞ ከተነሣ ወዲህ አፍንጫው አይሠራም፤ አጠገቡ ወጥ ቢያር አያውቅም። ማራኪ ለጨዋታ ያህል አንድ እጇ ላይ ጽጌረዳውን፣ ሌላው ላይ ጃስሚኑን ረጭታ «ዳኛ ሁን» አለችው። ጽጌረዳውን አሸተተ፤ ምንም። ጃስሚኑ ላይ ሲደርስ እጇን ጨብጦ ቀረ።

«ይሄ ይሸተኛል!»

«የምርህን ነው?»

«እዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ'ኮ ኮሪደሩ ላይ ይሸተኛል። አእምሮዬ እየተጫወተብኝ መስሎኝ ነው ያልነገርኩሽ።»

«ወንዴ፣ ዛሬ ነው'ኮ ያመጣሁት!»

ወጥታ ብታሸት ኮሪደሩ ሳሙና ሳሙና ብቻ ይላል። እሱ ግን ባኞ ቤቱ በር አጠገብ ቆሞ፣ በእሷ አንገት ልክ ወዳለው ባዶ አየር ጎንበስ አለ። «እዚህ ጋ» አላት።

ክው አለች። ቢሆንም ባሏ ጠረኗን ካሸተተ ሦስት ዓመት ስለሆነው ጃስሚኑን ገዛች። በዚያ ሰሞን ከሥራ ሲገባ አንገቷ ሥር ገብቶ ረጅም ትንፋሽ ይስብ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገላዋን ታጥባ ሽቶ ሳትቀባ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ የውጭው በር ተከፈተ።

«ዛሬ ደግሞ እዚህ ድረስ መጥተሽ ተቀበልሽኝ?» ሲል ሰማችው፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ።

ቢላዋዋን እንደያዘች ወጣች። ወንድይፍራው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለት ክንዱን እንደማቀፍ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ክንዶቹ መሃል ማንም የለም።

«ወንዴ!»

ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ክንዶቹን አየ። ቀስ ብሎ አወረዳቸው፤ የያዘው ነገር እንዳይወድቅበት የፈራ ይመስል።

«ቀዝቃዛ ናት» አለ በሹክሹክታ።

ሰኞ ዕለት ማራኪ ፈሀድ ዘንድ ተመልሳ ጽጌረዳውን ስጠኝ አለችው።

«ጃስሚኑን ባለቤትሽ አልወደደውም እንዴ?»

«ወዶታል» አለችና ወጣች።

ጽጌረዳው ለወንድይፍራው ዛሬም አይሸተውም። እሷም ይሸተው ብላ አልገዛችውም፤ ጃስሚን ሲሸተው እሷ እንዳልሆነች እንዲያውቅ ነው። አሁን ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ይቆምና «ማራኪ፣ የት ነሽ?» ብሎ ይጣራል። «ሳሎን ነኝ» ስትለው ትንፋሹን ይይዝና፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ትቶ፣ ግድግዳውን ታክኮ ያልፋል።