ዳማን የገፋት ማን ነው?

አበራ ፎቶግራፉን ያየው ከከተማው ሰው ሁሉ በኋላ ነው። ሆሳዕና ገበያ ዳር፣ የገነቴ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሰንብቷል። አሮጌዋ ፊያት መኪናው ቆማለች። መሪውን ይዞ የተቀመጠው ራሱ አበራ ነው። ከኋላ፣ ያንኑ ኮት ለብሶ በሁለት እጁ የሚገፋትም ራሱ አበራ ነው።

«ጋሼ አበራ፣ ደመወዙን የሚበላው የትኛው ነው? ነጂው ወይስ ገፊው?» አለች ገነቴ። ሻይ ጠጪው ሁሉ አውካካ።

አበራ ፎቶውን ከግድግዳው ገነጠለና ወጣ።

የሻይ ቤት ሳቅ ብቻ ቢሆን ይተወው ነበር። ግን በዚያው ጠዋት ከጊምቢቹ መልእክት ደርሶታል። ልጁን ጵርስቅላን የሚያገባው ጎረምሳ አባት አቶ ጠና፣ «ሙሽራችን እየተገፋች አትመጣም፤ ላንድሮቨር ተከራይተናል» ብለው ልከውበታል። ነገሩ አልገባውም ነበር፤ አሁን ገባው፤ የፎቶው ወሬ እዚያም ደርሷል።

አበራ የክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነው። መኪናዋን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ሐኪም የገዛት ጵርስቅላ ፊደል በጀመረችበት ዓመት ነበር። ቀይ ቡናማ ስለሆነች እንደ ላም «ዳማ» ብሎ ስም አወጣላት። «ስትዳሪ በዚች ትሄጃለሽ» እያለ አሥራ ሁለት ዓመት በገዛ እጁ ጠግኗታል።

ፎቶ አንሺው መምህር ወንዳፈረው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኘ።

«ምን አድርጌህ ነው?» አበራ ፎቶውን ደረቱ ላይ ለጠፈበት።

«ቀልድ እኮ ነው፣ ጋሼ! የሌንሱን ግማሽ በካርቶን ሸፍኜ አንዴ አነሣሁ። ካርቶኑን አዛውሬ፣ ፊልሙን ሳላዞር ደግሜ...»

«ስለ ካርቶንህ አልጠየቅሁህም! መቼ ገፋኋት?»

«ከኋላ ይቁሙ ስልዎት እጅዎን ጫን አደረጉ።»

«ዳሰስኳት! ሰው ላሙን አልቦ ሲጨርስ ጀርባዋን አይዳስስም? አንተ ላም አታውቅም?»

ወንዳፈረው ፎቶውን ከደረቱ ላይ አነሣ።

«ግባ» አለ አበራ የመኪናዋን በር ከፍቶ። «ይህንን ለአቶ ጠና በአፍህ ትነግራቸዋለህ።»

የጊምቢቹን መንገድ አጋመሱ። የሌሊቱ ዝናብ ያራሰው አቀበት ላይ ሲደርሱ ዳማ ሁለቴ አስነጠሰችና ጠፋች። አበራ ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ እምቢ አለች። ቤንዚኑን አየ፣ ባትሪውን ነካካ።

ወንዳፈረው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ...»

«አትናገር። ውረድና ግፋ።»

መምህሩ በተወለወለ ጫማው ጭቃ ውስጥ ገባ። አንዴ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ገፋ። አቀበቱ አናት ላይ ዳማ ነቃች።

አቶ ጠና የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ቸኩለው አይናገሩም። ወንዳፈረው ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ፊልሙ፣ ስለ ላሟም አስረድቶ እስኪጨርስ አዳመጡት። ከዚያ ዓይናቸው እስከ ጉልበቱ በጭቃ የተለወሰ ሱሪው ላይ አረፈ።

«ታዲያ ዛሬስ አልተገፋችም?»

ወንዳፈረው አበራን አየው። «የለም» ሊል አፉን ከፈተ።

«ተገፍታለች» አለ አበራ ቀድሞት። «አሮጊት ናት፤ አንዳንዴ ትገፋለች። ፎቶው ግን ውሸት ነው። በውሸት ልጄን ከመኪናዬ አታወርዱብኝ። የምታወርዷት ከሆነ ዛሬ ባያችሁት አውርዷት።»

አቶ ጠና ግቢው ውስጥ የቆመችውን ዳማን ዞረው አዩዋት። በመጨረሻ፣ «ላንድሮቨሩ ሽማግሌ ይጫንበት። ሙሽራዋ በአባቷ መኪና ትምጣ» አሉና በአገጫቸው ወደ መምህሩ ጠቆሙ። «ይህም ሰው ከኋላ ይከተል።»

በግቢው የቆመው ሁሉ ሳቀ። አበራ አልሳቀም። ሲመለሱም ከንፈሩን እንደ ነከሰ ነበር። ሆሳዕና ሲደርሱ ለወንዳፈረው በሩን ከፈተለት።

«ቅዳሜ ለሠርጉ ካሜራህን ቤትህ ትተህ ና» አለው። «ቦቲ ጫማ አድርግ።»