የዜሮ ዜሮ

ዜሮ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው። አምና አንድ የሒሳብ ፈተና ላይ ወደቀች፤ ውጤቱ ተረሳ፣ ስሙ ግን እንደ ማስቲካ ተጣብቆ ቀረ። የሳይንስ መምህሯ ነኝ፤ «ተዉ!» እያልኩ ስጮህ ጉሮሮዬ ደርቋል።

የሌሊት ወፍ የምታጠና አንዲት ተመራማሪ ለትምህርት ቤታችን የቆጠራ ቅጽ ሰጠችን። ፀሐይ ስትጠልቅ ተማሪዎቹ በሕንፃው አራት ማዕዘኖች ይቆሙና ከጣሪያው ሥር የሚወጡትን ይቆጥራሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ማዕዘን ለዜሮ ደረሳት። አብሬሽ ልቁም የሚላት ስለጠፋ ብቻዋን ቆመች።

ሦስት ምሽት ቆጠሩ። የሌሎቹ ቅጽ ሠላሳ፣ አርባ አንድ፣ ሃያ ስምንት ይላል። የእሷ ሦስቱም 0 ነው። «የቆጣሪ ስም» የሚለውንም ባዶ ትታዋለች።

«አንቺ፣ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር እንዴ?»

«ኧረ ቲቸር! አንገቴ እስኪቀነጠስ ሳንጋጥጥ ነው ያመሸሁት።»

ቅጹ ነገ በክፍሉ ፊት እንደሚነበብ ሳስብ አንጀቴን በላችው። መሳቂያ ሊያደርጓት ነው። እስክሪብቶ አነሳሁና ከየዜሮው ፊት የአንድ ቁጥር ጨመርኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ተመራማሪዋ «የቤተ መጻሕፍቱ ማዕዘን፣ ዐሥር፣ ዐሥር፣ ዐሥር» ብላ ስታነብ ዜሮ ብድግ አለች።

«የኔ አይደለም። እኔ ዜሮ ነው የጻፍኩት።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «ስሟን ነው የጻፈችው!» አለ አንዱ ከኋላ። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ወደ ፊት ወጥታ ቅጹን አየችው። የአንድን ቁጥር ስጽፍ አናቱ ላይ ቆብ አደርግለታለሁ፤ ከሰሌዳው ላይ ለምዳዋለች።

«ቲቸር፣ እርስዎም አላመኑኝም?»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! «እኔ ነኝ የቀየርኩት» አልኩ በሁሉም ፊት። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ተመራማሪዋ አልሳቀችም። «አምና እዚያ ማዕዘን ላይ ስልሳ ቆጥሬ ነበር» አለች። «ምን ተቀየረ?»

«ትልቅ መብራት ተሰቅሏል» አለች ዜሮ። «ዓይን ያጠፋል።»

«በቃ፣ መብራቱ ነው ያባረራቸው! ዐሥሩን ባምን ኖሮ መቼም አላውቅም ነበር።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዜሮ እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዝዛ የጨመርኳቸውን ሦስት አንዶች ሰረዘች። ከዚያ «የቆጣሪ ስም» በሚለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ጎላ ባለ ጽሑፍ፣ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች።