የቢታንያ ሹሩባ

እህቴ ቢታንያ በሳንባ ምች በሞተች በዓመቱ ተወለድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ እናቴን «ጌታ ካሰሽ» አላት፤ እሷም ምትኬ ብላ ጠራችኝ። ቢታንያን የማውቃት በፎቶ ብቻ ነው። እናቴ ግን ስስቅም ሳጠፋም ከእሷ ጋር ታስተያየኛለች።

ባዮቴክኖሎጂ ተምሬ አሰላ በተመለስኩ ሰሞን፣ አባቴ እራት ላይ ወሬ አመጣ። አባቴ አሳምነው ላም አዳቃይ ነው፤ በሞተር ሳይክል እስከ ሁሩታና በቆጂ እየዞረ የገበሬውን ላሞች በምርጥ ኮርማ ዘር ያስረግዛል።

«ውጭ አገር ከአንዲት ጥሩ ላም ቆዳ ትንሽ ወስደው ቁርጥ እሷን የመሰለች ይሠራሉ። ላሞቹን ለማዳቅልለት ገበሬ ለጉቱ ብነግረው፣ 'ብቻ ሚስቴ ዘንድ እንዳትደርሱ፣ አንዷም በዝታብኛለች' አለኝ» ብሎ ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። «ሰውስ?» አለችኝ።

«ሰው ላይ አልተደረገም እማዬ። ክልክል ነው።»

«የማይቻል ነገር ማን ይከለክላል?»

በማግስቱ ዕቃ ቤት ጠራችኝ። የአባቴን ወፍራም ጓንት አጥልቃ የኮርማ ዘር በከባድ ቅዝቃዜ የሚቀመጥበትን የናይትሮጅን ጋን ከፍታለች። ከነጩ ጭስ ውስጥ በክር የታሰረ ፌስታል ስባ አወጣች። ውስጡ ቀጭን ሹሩባ ነበር። ቢታንያ ከመገነዟ በፊት እናቴ ከፀጉሯ የቆረጠችው ነው፤ እስከ ትናንት መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ነበር የኖረው።

«እዚህ ውስጥ ያለ ነገር አይሞትም ይላል አባትሽ። የሚቻልበት ቀን ሲመጣ አንቺ ትወልጃታለሽ።»

አባቴ ሄልሜቱን እንደያዘ በሩ ላይ ደረሰ። «እታገኘሁ! እኔ እኮ ያወራሁት ስለ ላም ነው! ልጄን ከኮርማ ጋር?»

«ምድር ውስጥስ ከማን ጋር ነው የከተትካት?» አለችው። ሄልሜቱን መሬት አስቀምጦ ወጣ።

ሹሩባው በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ ሥር የለውም። ከእሱ ምንም እንደማይወጣ አውቅ ነበር። ይህን ልነግራት አልቻልኩም። ሌላውን ነገርኳት።

«እማዬ፣ ብትወለድም ሌላ ሰው ናት። መልኳ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ታጠፋና 'ቢታንያ እንዲህ አልነበረችም' ትያታለሽ። በሌላ ሰው ቦታ መወለድ…» አልጨረስኩትም።

«እሷማ ቁርጥ ራሷን ነው የምትሆነው። ያልመሰልሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ክፋት አልነበረባትም። ዛሬ ብርድ ነው እንደሚል ሰው ነው ያለችው።

ፌስታሉን ቀስ ብላ ወደ ጋኑ መለሰችው።

«እኔ ብሞትስ» አልኳት፣ «የኔንም ፀጉር ታስቀምጪዋለሽ?»

ጎንበስ ብላ ጭሱን አየች።

«ክዳኑን ግጠሚው» አለችኝ፣ «እንዳይሞቅባት።»

ገጠምኩት።