የዳር ቀዳዳ

ፈርጥን የፈጠረ ሰው ቤት ጠርጎ የሚያውቅ አይመስለኝም። ምስር የምታክል፣ መሃሏ የተበሳች፣ ብርሃን ሲነካት የምታብለጨልጭ ነገር ናት። አንዴ ከእጅ ካመለጠች አለቀ፤ ጠዋት ስኳር ውስጥ፣ ቀትር ላይ ካልሲ ውስጥ፣ ማታ ትራስ ላይ ትገኛለች። ትናንት አባቴ ሲያስል ከጢሙ ላይ አንዲት አረንጓዴ ረገፈች። በቀደም ልታየው የመጣችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደግሞ የነጭ ጋዋኗ መቀመጫ ላይ ቀያይ ፈርጦች ለጥፋ ወጣች። ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጭ እሷ ስለሆነች የድርሻዋን ትውሰድ ብዬ ነው።

አባቴ ታፔላ ጻፊ ነው። የሰፈሩ ፋርማሲ፣ ፀጉር ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ሁሉም በራቸው ላይ የሰቀሉት ስም ከእሱ ብሩሽ የወጣ ነው። ማስመሪያ ይዞ አያውቅም። «ማስመሪያ ለፈሪ ነው» ይላል፤ መሰላል ላይ ቆሞ ከዳር እስከ ዳር የሚስበው መስመር ደግሞ ፍንክች አይልም። ሰፈሩም ጋሽ ታፔላ ብሎ ነው የሚጠራው። ታዲያ አንድ ጠዋት ብሩሹ ከቀኝ እጁ ወደቀ። ሊያነሳው ሲያጎነብስ እሱም ተከትሎት ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። እግሩ ተመለሰ፤ አፉማ ከድሮው ብሶበት ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን የሰው እጅ ይመስል ጭኑ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

እኔ ብቸኛ ልጁ ነኝ፤ እናቴ ከሞተች ቆይታለች። አውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚፈጅበት ሌላ ከተማ ውስጥ የእጅ ሥራ መምህርት ነኝ፤ ባልና አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ አሉኝ። ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወሰድኩና ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ። መጀመሪያ የለመንኩት ከእኛ ጋር እንዲኖር ነበር።

«የራሴ ጣራ እያለኝ የልጄ ባል ቤት ሄጄ ልጧር?» አለኝ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

የእጅ ሥራውን ያመጣችው ባለሙያዋ ናት። «አባባ፣ ጣት የሚነቃው በጥቃቅን ነገር ነው። ክር መሳብ ለክንድዎ፣ የሙጫ ቱቦ መጭመቅ ለመዳፍዎ፣ ፈርጥ መልቀም ለጣትዎ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችው። አባቴም «እንቁላሉ እስኪሄድ እኔ እሄዳለሁ» አላት። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ለተማሪዎቼ የማስተምርበትን የፕላስቲክ መረብ አወጣሁ። እንደ ወንፊት ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ፣ በመቀስ የሚቆረጥ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ጫፉ በደነዘ ትልቅ መርፌ የሱፍ ክር በየቀዳዳው ይመላለስበታል፤ ከዚያ በሚያብረቀርቅ ሙጫና በፈርጥ ይጌጣል። አራት ግድግዳና አንድ ወለል ሲሰፋፉ ሣጥን ይሆናሉ። አንድ ሕግ ብቻ አለው። የዳሩ የቀዳዳ መስመር ባዶ ይቀመጣል፤ ግድግዳና ግድግዳ የሚሰፋፋው በእሱ ስለሆነ ነው። እዚያ ሙጫ ከገባ መርፌ አያልፍም፣ መርፌ ካላለፈ ደግሞ ሣጥን የለም። ይህን የሁለተኛ ክፍል ልጆች በአንድ ክፍለ ጊዜ ይረዱታል።

«ክዳንስ?» አለ አባቴ።

«ክዳን የለውም። የክር ማስቀመጫ ነው፣ ክፍቱን ይቀመጣል።»

ከዚያ ውል ተዋዋልን። «በቀኝ እጅህ አንድ ሣጥን ሠርተህ የጨረስክ ቀን ብቻህን መኖር ትችላለህ ማለት ነው። የዚያን ዕለት እኔም ወደ ልጄ እሄዳለሁ» አልኩት። ያበረታታዋል ብዬ ነበር። «ይሁን» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወለሉ አለቀ። ሦስቱ ግድግዳዎችም በስንት መከራ አለቁ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ዓሣ አለ፤ አካሉ ሰማያዊ ክር፣ ቅርፊቱ ፈርጥ፣ ዙሪያው የብር ቀለም ያለው ሙጫ። የመጀመሪያው ዓሣ ድንች ይመስላል፤ ሁለተኛው ታሞ የዳነ ድንች ይመስላል፤ ሦስተኛው ዓሣ መሆኑ ሳይነገር ይታወቃል። ዳራቸው ግን ንጹሕ ነበር። እንዲያውም በሆዴ ጎሽ ብዬዋለሁ። ጉዱ የመጣው አራተኛው ግድግዳ ላይ ነው።

ገበያ ደርሼ ስመለስ የዳሩ ቀዳዳዎች በአንድ ጎን በሙጫ ተደፍነው አገኘኋቸው።

«አባዬ! ዳሩን ተው አላልኩህም?»

«ሙጫው ሮጦብኝ ነው።»

«ሙጫ እግር የለውም!»

«እኔም እጅ የለኝም» አለ፣ ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ እያሳየኝ። ስፒል ይዤ እያንዳንዱን ቀዳዳ ስፈለፍል ዋልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ይህን ሙጫ ያላዩ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ መረቡ ራሱ ተሰነጠቀ። የተበላሸውን ጠረጴዛ ሥር ያለው ካርቶን ውስጥ ወረወርኩና አዲስ ቆረጥኩለት።

«እንደገና?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ የሐዘን ጠብታ አልነበረም።

እንደገና ሰፋው፣ እንደገና ዓሣውን አስጌጠው፣ እንደገና ልብስ ላሰጣ ወጣ ብዬ ስመለስ ዳሩ ተደፍኗል። ጮኽኩ። ሦስተኛው እኔ ሻወር ውስጥ ሳለሁ ተደፈነ። አራተኛው ስልክ ላይ ሳለሁ። ፊቴ ቁጭ ብሎ ሲሠራማ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንዷን ፈርጥ ለማንሳት አሥሯን ይበትናል፤ ዘወር ስል በግራው ሊለቅም ይሞክራል። «ቀኝ!» እለዋለሁ፣ እንደ ወታደር አሠልጣኝ። «ቀኝ» ይላል እሱም፣ ቀኙን ወደ ፈርጡ ሳህን እየጎተተ። እውነቴን ነው፣ በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ እንደሱ ጨጓራዬን የላጠው ተማሪ የለም። ቀለም የጠጣ ልጅ አስተምሬያለሁ፤ የጓደኛውን ፀጉር ከወንበር ጋር የሰፋ ልጅ አስተምሬያለሁ። አባቴ ይበልጣል።

ባለቤቴ ደወለ። «መቼ ትመጫለሽ?»

«አንድ ግድግዳ ብቻ ቀርቶናል።»

«ባለፈውም የቀራችሁ አንድ ግድግዳ ነበር። ሣጥን ነው ወይስ ፎቅ የምትሠሩት?»

ልሳደብ ስል ልጄ ስልኩን ቀማችው። «እማዬ፣ የፊት ጥርሴ ወለቀ። አንቺ እስክትመጪ ልጠብቅሽ ብዬ በምላሴ ይዤው ነበር፣ ግን ዳቦ ስበላ ወለቀ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ውስጥ አለቀስኩ። ስወጣ አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ዓሣው ተመለሰ። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ደወሉ፤ ሰኞ ክፍል ካልገባሁ በቦታዬ ሌላ ሰው እንደሚቀጥሩ በትሕትና ነገሩኝ። ትሕትናቸው ከቁጣ ይብስ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አራተኛው ግድግዳ፣ ማለቴ ስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ አለቀ። ዓሣው ሊዋኝ ምንም አልቀረው። ዳሩን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ክፍት ነው።

«አባዬ፣ አሁን ወጥቼ የነገ ትኬት እቆርጣለሁ። ስመለስ ሣጥኑን እንሰፋዋለን፤ አንተ በቀኝህ መርፌውን ትስባለህ፣ እኔ እይዝልሃለሁ። እባክህን፣ በእናቴ ይዤሃለሁ፣ እስከዚያ ሙጫውን አትንካ።»

«ሂጂ፣ ሂጂ» አለኝ።

ትኬቱን ቆርጬ፣ ዳቦ ገዝቼ፣ ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። በሩን ስከፍት ግድግዳው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አራቱም ዳሮች በብር ሙጫ ተደፍነዋል። አንድ ጎን ወይም አንድ ጥግ ቢሆን እሺ፤ አራቱም!

ዳቦውን ወንበር ላይ ወርውሬ ግድግዳውን ስመነትፈው ክርኔ የፈርጡን ቆርቆሮ መታው። ቤቱ በሙሉ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ወርቃማ ሆነ። አልጋው ሥር ገባ፣ ጫማ ውስጥ ገባ፣ ውሃ ጆጉ ውስጥ ሳይቀር ገባ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ አባቴ።

«ዝም በል!» አልኩት። አባቴን ዝም በል ብዬው አላውቅም ነበር። «ልጄ እኮ እየጠበቀችኝ ነው! ሥራዬ ሊሄድ ነው! አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩህ፣ አንድ! ምን በደልኩህ?»

በቆምኩበት መቆየት ስላቃተኝ ግድግዳውን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ሙጫው ገና እርጥብ ከሆነ ጠርጌው ይተርፍ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ወደ ብርሃኑ ያዝኩት።

መስመሩ ፍንክች አይልም። ዝም ብሎ የፈሰሰ ሙጫ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ለራሱ የተለካ አንድ ጠብታ አለ። ጎረቤቱን የነካ ጠብታ የለም፣ ክሩ ላይ የዘለቀ የለም። ጥጉ ጋ ሲደርስ ልክ እንደ ፋርማሲው ታፔላ ክፈፍ በቀጥታ ታጥፏል። ይህን መስመር ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መሰላሉን ይዤ ሥሩ ቆሜ ስንቴ አይቼዋለሁ።

ተንበረከክሁና ካርቶኑን ከጠረጴዛው ሥር ጎተትኩ። የተበላሹትን አውጥቼ መሬት ላይ፣ ፈርጡ መሃል ደረደርኳቸው። የመጀመሪያው ላይ ሙጫው ልክ እንዳለው ሮጧል፤ አምስት ቀዳዳ በአንድ ጉብታ ተውጧል። የሚቀጥለው ላይ ሁለት ሁለት ነው። የሚቀጥለው ላይ ጠብታዎቹ ተለያይተዋል፣ ግን ይንቀጠቀጣሉ። እያለ እያለ ይኸኛው ጋ ደረሰ። ስቆጣ፣ ስፈለፍል፣ ስወረውር የከረምኩት ለካ የእጁን መዳን ነበር። እጁ የተማረው እኔ ያሳየሁትን ሳይሆን የከለከልኩትን ነው።

«አባዬ፣ ይህን በየትኛው እጅህ ነው የሠራኸው?»

«በግራ።»

«ግራህን አሳየኝ።»

ግራው ንጹሕ ነበር። የቀኙ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ግን በብር ሙጫ ያብረቀርቃሉ። እንዳየሁት ሲያውቅ እጁን ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ ባለው ፎጣ ሥር ደበቀው፣ ስኳር እንደሰረቀ ልጅ።

«ድነሃል» አልኩት።

«አልዳንኩም።»

«እጅህ ድኗል!»

«እጄማ ድኗል» አለ። «እጄ ችሏል፣ የኔ ልጅ። እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ሣጥኑ ካለቀ ትሄጃለሽ። ማታ አንድ ሳህን ብቻ አውጥቶ መብላት አልችልበትም። ሙጫውን ማፍሰስ ከመለመን ቀለለኝ።»

ጨጓራዬን ሲልጥ ከርሞ አሁን ደግሞ አንጀቴን በላው። ላንቀው ነው የፈለግኩት፤ ላቅፈውም ፈልጌያለሁ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ስለማይቻል መሬት ላይ ተቀምጬ ፈርጥ መልቀም ጀመርኩ። የምለቅመው በእንባ ስለነበር አንዷን ሁለት እያየሁ ነበር።

«የልጅቷ ጥርስ ወለቀ አይደል?» አለኝ ከላይ። «የስልክሽ ድምፅ ግድግዳ ያልፋል፣ ሰምቻለሁ። ያንቺን የነቀልኩት እኔ ነበርኩ። ሂጂ። እውነቴን ነው፣ ሂጂ።»

ቀና ብዬ አየሁት። ና ብለው መልሱን አውቀዋለሁ፤ የልጄ ባል ቤት አልጧርም ነው የሚለኝ። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ የእሱ እልህ ከነብሩሹና ከነመሰላሉ ያስውጣል። ስለዚህ አፍንጫዬን ጠረግኩና የመምህርት ድምፄን አወጣሁ።

«ሣጥኑ ክዳን ይጎድለዋል» አልኩት።

«ክዳን የለውም ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«አሁን አለው። ይህን ሁሉ ፈርጥ ክፍቱን ማስቀመጥ አይቻልም፣ አየኸው። አራተኛውን ግድግዳም ክዳኑንም የምንሠራው ግን እኔ ቤት ነው፤ እኔ ሰኞ ክፍል እገባለሁ። ቀን ቀን ከልጅቷ ጋር ትሠራላችሁ፤ እሷ ፈርጥ ታቀብልሃለች። ልትጧር አይደለም የምትሄደው፤ ክዳን ልትሠራ ነው። ባለቤቴም ቢጠይቅህ እንዲሁ በለው።»

አባቴ መሬት ላይ የተደረደሩትን ዓሦች አንድ በአንድ አያቸው። ጢሙን አሻሸ። አንዲት ወርቃማ ፈርጥ ወደቀች።

«አንድ ክዳን ስንት ቀን ይፈጃል?» አለኝ።

«እንደ ሙጫው ነው» አልኩት።

ቀኝ እጁን ከፎጣው ሥር አወጣና የሙጫውን ቱቦ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።