ሦስተኛው ደወል

የምክር ቤቱ ደወል ሦስት ጊዜ ነው የሚደወለው። የመጀመሪያውን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በሁለተኛው አባላቱ ሻያቸውን ያገባድዳሉ። በሦስተኛው ይነሣሉ፤ እሱም ወሬው ካለቀ ነው። ከእያንዳንዱ ደወል በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ ስላለ፣ ሰው ይቆጠር በተባለ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ይበላል።

ይህን ግማሽ ሰዓት ለማትረፍ የተነሣችው የጉባኤው ጸሐፊ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመድረኩ ሥር ተቀምጣ ስትጽፍና ስትቆጥር ኖራለች፤ ስለ ራሷ ጉዳይ ማንንም ለምና አታውቅም። በዋዜማው ግን ምክትል አፈ ጉባኤው ቢሮ ገባች።

"ነገ የምክር ቤቱ ዘመን ይዘጋል፤ አራት አጀንዳ አለ" አለቻቸው። "ያልተነበበ ረቂቅ ሁሉ ይወድቃል። ደወሉ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንስ?"

"ደግ ብለሻል። ሰርኩላር በትኚ" አሉ ቀና ሳይሉ።

አራተኛው አጀንዳ በወረቀት የሌላ ሰው፣ በእውነቱ የእሷ ነበር። ወደ ዝግ የውሃ ገንዳ ማንም ብቻውን አይግባ ይላል። ገመድ የያዘ ሰው ከገንዳው አፍ ላይ ይቁም፤ በየአምስት ደቂቃው ይጥራ፤ መልስ ካጣ ይሳብ፣ ሌላ ሰውም ይጥራ እንጂ ተከትሎ አይግባ። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ያስገባችው እሷ ናት። ባሏ ተከትሎ የገባ ሰው ነበር። የውሃ መሐንዲስ ነበር፤ ገንዳ ውስጥ ራሱን የሳተ አጣቢ አይቶ ወረደ፤ አጣቢውን ወደ ላይ አቀበለ፤ እሱ ቀረ። በቀብሩ ቀን እንኳ ድምፅዋ ከፍ ሲል የሰማ የለም።

ሰርኩላሩን ራሷ ጻፈች። ሦስት መቶ ቅጂ አባዛች፤ ሦስት መቶ የደብዳቤ ሳጥን ውስጥ በእጇ አስገባች። ሳጥኖቹ ባለፈው ወር በበተነችው ወረቀት ጢም ብለው ስለነበር አዲሱን ለማስገባት መግፋት ነበረባት። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረባት።

በማግስቱ የመጀመሪያው አጀንዳ የአባላቱ ስም በጠረጴዛው ፊት ይለጠፍ ወይስ በወንበሩ ጀርባ የሚል የውሳኔ ሐሳብ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

"ስሜን ከጀርባዬ የሚያነበው ማነው?" አሉ አንድ ሽማግሌ አባል። "የሚያማኝ ነዋ! እሱ ደግሞ ስሜን ያውቀዋል።"

ቤቱ ሳቀ። ጸሐፊዋ "ሳቅ" ብላ ጻፈች፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ከዚያ ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመራ። ውሃ ሲወቅጡ ዋሉ ማለት ይኸው ነው። እርሳሷን እስኪያማት ጨብጣ የእንግዶቹን ሰገነት አየች። የዚያን ቀን ከገንዳው የወጣው አጣቢ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ረቂቁ ለንባብ በቀረበ ቁጥር ይመጣል፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

አራተኛው አጀንዳ የደረሰው ከሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ሰው ሻይ ቤት ከወረደ ወዲህ ነው። ርእሱ ተነብቦ ሳያልቅ፣ "ባለ ፎቁ" የሚባሉት አባል እጃቸውን አወጡ። ከከተማው ሕንፃ ስንቱ የእሳቸው እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም ይባላል፤ በየሕንፃው ጣሪያ ላይ ደግሞ ገንዳ አለ።

"የሥነ ሥርዓት ጥያቄ! ምልዓተ ጉባኤው ይቆጠርልኝ።"

የምክር ቤቱ ሽማግሌ በረኛ ደወሉን አንድ ጊዜ ደወለ። አሥር ደቂቃ። ጸሐፊዋ ከቦታዋ መነሣት አትችልም። ከሻይ ቤቱ የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ የሚነሣ ወንበር ግን አይሰማም። ጥቂቶች ገቡ። በበሩ መስታወት የረቂቁ አቅራቢ ይታያሉ። ቅጽል ስማቸው "ሪባን" ነው፤ የምረቃ መቀስ ባለበት አይጠፉም። ደረጃው ላይ ቆመው፣ ማይክሮፎን ተደቅኖባቸው፣ ስለዚሁ ረቂቅ መግለጫ እየሰጡ ነው። ደወሉ በተሰማ ጊዜ ጋዜጠኛው ዞር ብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን "ገና ነው፣ ገና ነው" በሚል እጅ ወደ ማይክሮፎኑ መለሱት።

ሁለተኛውን እየጠበቁ ነው። ሦስተኛውን እየጠበቁ ነው! የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ፤ ያፈሰሰችው ደግሞ እሷ ራሷ ናት።

በሩ ተዘጋ። ቆጠረች። በደንቡ በወንበሩ ላይ የተኛ ይቆጠራል፤ ከበር ውጭ የቆመ አይቆጠርም። የተኙትን ስድስቱንም ቆጠረች። መቶ ሃምሳ። የሚያስፈልገው መቶ ሃምሳ አንድ ነው። እንደገና ቆጠረች።

ጉባኤውን የሚመሩት ምክትል አፈ ጉባኤ ከመድረኩ ጎንበስ አሉ። "አንቺ፣ ደህና አድርገሽ ቁጠሪ እንጂ።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቷታል። አንድ ቁጥር ናት። ነገር ግን ባለ ፎቁ በጣታቸው ወንበር ለወንበር እየቆጠሩ ነው። በውሸት ቆጠራ የጸደቀ ሕግ ነገ በአንድ ማመልከቻ ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ረቂቁን የሚነካው አይኖርም።

"መቶ ሃምሳ" አለች።

"ጉባኤው አልተሟላም። የዘመኑ ሥራ ተዘግቷል" አሉ ምክትል አፈ ጉባኤው።

በሩ ሲከፈት ሪባን ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ገቡ። "ምንድነው? ሦስተኛው መቼ ተደወለ?"

"ዛሬ አንድ ብቻ ነው፣ ክቡርነትዎ" አለ በረኛው። "ወረቀት ተበትኗል።"

"ወረቀት! ወረቀት ማን ያነባል እዚህ ቤት?" ጮኹ። "ይህ ደባ ነው! አቤቱታ አቀርባለሁ!"

"ጅብ ከሄደ…" አለ በረኛው ለራሱ፤ ቀሪውን ዋጠው።

ጸሐፊዋ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። በአራተኛው አጀንዳ አንጻር "ሳይነበብ ቀረ" ብላ ጻፈች። እርሳሷ ወረቀቱን በሳው።

አጣቢው ደረጃው ሥር ቆሞ ጠበቃት።

"ተውት በቃ እትዬ። እርስዎ ምን ያድርጉ?"

"አንድ ደወል ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።"

አጣቢው ቆቡን አዟዟረው።

"ነገ ሥራ አለህ?" አለችው።

"የባለ ፎቁ ነው፣ ዘጠነኛ ፎቅ። ትልቅ ገንዳ ነው።"

"ከማን ጋር?"

"ከማን ጋር ይሆናል? ሁለተኛ ሰው ስጡኝ ብዬ አለቃዬን ብጠይቀው፣ 'ሕጉ ይውጣና እንተያያለን' አለኝ።"

ጸሐፊዋ ባሏ ይይዘው የነበረውን ገመድ አሰበች። ከፖሊስ ሲመለስላት ቁም ሣጥን ውስጥ ያስገባችው ነው፤ እስካሁን አልፈታችውም።

"ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?"

"ሁለት ሰዓት ላይ። ምነው?"

"እመጣለሁ።"

ሊስቅ ብሎ ፊቷን አይቶ ተወው። "እትዬ፣ እኔ እኮ ሰባ ስምንት ኪሎ ነኝ። በየት አቅምዎ ሊስቡኝ ነው?"

"ገመዱን ከምሰሶ አስሬ እይዘዋለሁ። በየአምስት ደቂቃው እጠራሃለሁ፤ መቁጠር ሥራዬ ነው።"

"ባልመልስልዎትስ?"

ጸሐፊዋ ወደ አዳራሹ ዞራ አየች። ሃያ ሁለት ዓመት ከቁጥር በቀር ድምፅዋን አሰምታበት አታውቅም።

"እጮሃለሁ" አለች። "ዘጠኙም ፎቅ እስኪወጣ ድረስ እጮሃለሁ።"