ከዶርሙ ጀርባ

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሚስት ስኒውን ወደ አፏ ከመውሰዷ በፊት ከፍ አድርጋ ታችውን አየች። ከዚያ ከንፈሯን ሳታስነካ መልሳ አስቀመጠችው። አጠገቧ ያለችው ጎረቤት ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብላ የሆነ ነገር አለቻት፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ወንበሮቹ ላኩ። ለለቀስተኛው መቀመጫ ስላነሰ ከኋላው ክፍል የወጡ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

የሟች ታናሽ እህት ይህን ሁሉ ጥጓ ላይ ሆና አይታለች። ስኒዎቹን ከሱቅ መርጣ የገዛቻቸው ራሷ ናት። ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ስኒ እንዴት ይወራል? አንገቷን ደፋች።

ሟቿን ከተማው ሁሉ «ቲቸር» ነበር የሚላት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ስታስተምር ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው፤ ከለቀስተኛው ግማሹ በእሷ እጅ ያለፈ ነው። አላገባችም፣ አልወለደችም። ታናሽየዋ ትዳሯ ፈርሶ ከተመለሰች ወዲህ ሁለቱ አብረው ኖረዋል። ልቧ ነው ድንገት የከዳት፤ ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው። ሹክሹክታው ግን ሌላ ነበር። ከቆሻሻ ገንዳ ዕቃ ስትለቅም ያገኛት በሽታ ነው የገደላት ይባላል። ጡረታ አላት፣ ቤት አላት፣ የተማረች ሴት ናት፤ ምን ጎድሏት ነው ይባላል።

ታናሽየዋም ይህንኑ ስትጠይቅ ነው የኖረችው። ምን ጎድሏት?

ነገሩ የጀመረው ጡረታ በወጣች ሰሞን ነው። ከተማው የሚኖረው በተማሪ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከዩኒቨርሲቲው ዶርሞች ጀርባ ያሉት የብረት ገንዳዎች አፋቸው ድረስ ይሞላሉ። ወደየቤቱ የሚሄደው ተማሪ ሻንጣ ውስጥ ያልገባለትን ሁሉ ይጥላል። ቲቸር በዚያ ስታልፍ ከነፕላስቲኩ የተጣለ፣ ገና ያልተከፈተ አንሶላ አየችና ይዛው መጣች። ቀጥሎ ደህና የሚሠራ የጠረጴዛ መብራት መጣ። ከዚያማ ብርድ ልብሱ፣ ውሃ ማፍያው፣ ያልተነካ ፓስታ፣ አንድ እግሩ የላላ ወንበር። በትንሽ የእጅ ጋሪ ጭና ታመጣለች፣ ታጥባለች፣ ትጠግናለች፣ አዲስ ተማሪ ሲገባ ለቸገረው ትሰጣለች።

ታናሽየዋ ደግሞ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በአልኮል ሽታ ውስጥ የምትውል፣ እጇን ታጥባ የማይበቃት ሴት። አንድ ቀን አንዲት ታካሚ ካርድ እያስወጣች፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እህትሽን ገንዳ ውስጥ ገብታ አየኋት አለቻት። ያን ዕለት እህትማማቾቹ ክፉኛ ተጣሉ። ጭቅጭቁ ሲበርድ ተስማሙ፤ የሚለቀመው ነገር በጓሮ በር ይገባል፣ ከኋላው ክፍል ግን አያልፍም። ወሬውም እንደዚያው። ቲቸር ቃሏን ጠበቀች። ስለ ገንዳው ትንፍሽ አላለችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ሌላውም ነገር ብዙ አላወራችም። እራት ላይ ጨው አቀብይኝ፣ ደህና እደሪ፣ በቃ።

ከሌላ ከተማ የመጣው ታላቅ ወንድማቸው ከቀብሩ በኋላ ያንን ክፍል ከፈተው። ባንክ ውስጥ ኃላፊ ነው፤ ሁሉን ነገር ቶሎ መቋጨት ይወዳል። እስከ ጣሪያው የተደረደረውን ካየ በኋላ በሩን ዘግቶ፣ እህቱን ኩሽና ውስጥ ለብቻዋ አገኛትና ይህ ሁሉ ኮተት እኔ ሳልሄድ መውጣት አለበት፣ ነገ የጭነት መኪና ይመጣል፣ ሰው እስካሁን ያለን ይበቃል አላት። እሷ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴት ተማሪዎች መጡ። የት እንደሚቀመጡ ግራ ገብቷቸው በሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ አንደኛዋ፣ መነጽር ያደረገችው፣ አንዱን ወንበር ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ ቀጥ ብላ ሄዳ እዚያ ላይ ተቀመጠች። የዶርሟ ወንበር ነበር።

ታናሽየዋን በዝቅተኛ ድምፅ አጫወቷት። ቲቸር ስትመጣ ለቅማ ብቻ አትሄድም ነበር። ገንዳው አጠገብ ያለችው የድንጋይ አጥር ላይ ትቀመጥና የአገር ቤታቸውን ወሬ ትጠይቃቸዋለች፤ እናታቸው እንዴት እንደሆነች፣ የትኛው ትምህርት እንዳስቸገራቸው። አንዳንዶቹ የሚጥሉት ሳይኖራቸው ሊያገኟት ይወርዱ ነበር።

«ጥበቃው ራሱ፣ 'ቲቸር፣ መሽቷልኮ፣ ይግቡ እንጂ' ይላቸው ነበር» አለች ባለ መነጽሯ። «እሳቸው ግን፣ 'እህቴ ሥራ ውላ ደክሟት በጊዜ ነው የምትተኛው። አሁን ብገባ የጋሪው ድምፅ ይቀሰቅሳታል፤ ትንሽ ልቆይ' ይሉናል።»

ታናሽየዋ በጊዜ ተኝታ አታውቅም። መብራቷን የምታጠፋው የጋሪው ጎማ የጓሮው ጠጠር ላይ ሲንኳኳ ስትሰማ ነበር። ከዚያ ዓይኗን አፍጥጣ ትተኛለች። የእህቷ ኮቴ በሯ ጋ ይደርስና ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ያልፋል። ለምን እንደሚቆም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም።

«እንቅልፌ ቀላል ነው» አለቻት ልጅቷን።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው በጓሮ በር ገባ። ወንድሟ እጅጌውን ሰብስቦ ከሁለት ጫኞች ጋር ሲመጣ የኋላው ክፍል በር ላይ ቆማ አገኛት።

«ቤቱ ሐዘን ላይ ነው» አለች። «ዛሬ ከዚህ ምንም ነገር አይወጣም።»

«ነገስ?»

«ነገ አንተ ሥራ አለህ።»

ትክ ብሎ አያት። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ መልሳለት አታውቅም። ጫኞቹን ይቅርታ ጠይቆ ሸኛቸውና ወደ ማምሻው ላይ እሱም ሻንጣውን ይዞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሰው እየሳሳ መጣ። ጎረቤቶች የየራሳቸውን ትሪና ቴርሞስ ለይተው ወሰዱ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሚስት ስትሰናበት፣ ያው እየመጣን እናይሻለን ብላት ነበር፤ አልመጣችም። ቤቱ ውስጥ የቀረው የማቀዝቀዣው ድምፅ ነው። ራት ለአንድ ሰው ማብሰል አቅቷት፣ የሁለት ሰው ሠርታ ግማሹን እያየችው ቁጭ አለች።

ወደ ሥራ ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ ጥቁሯን እንደለበሰች ወጥታ ወደ ዶርሞቹ ሄደች። ከዚህ በፊት በዚያ በኩል ላለማለፍ ዙሪያውን ትሄድ ነበር። ተማሪው እየወጣ ስለነበር ገንዳዎቹ ሞልተዋል፤ ትራስ፣ ግማሹ የቀረ ሻምፑ፣ አንድ እግር ጫማ፣ ከነቆርቆሮው ያልተከፈተ ዓሣ፣ የበሰበሰ ብርቱካን ሽታ። የሚለቅም አልነበረም። ወደ ውስጥ ስትመለከት ከታች፣ ከካርቶኖቹ ሥር፣ የሱፍ ኮት እጅጌ አየች። የብረቱን ጠርዝ በሆዷ ተደግፋ እጇን ዘረጋች። አልደረሰችም። ጨምራ ስትንጠራራ እግሯ መሬት ለቀቀ።

ሻንጣዋን እየጎተተች የምታልፍ አንዲት ተማሪ ሮጣ መጥታ ክርኗን ያዘቻት።

«ቀስ ይበሉ እማማ፣ ይዤዎታለሁ።»

እጅጌውን ከጨበጠችው ቆይታለች። ግን ቀና አላለችም። የልጅቷ እጅ ክርኗ ላይ እንዳለ፣ ገና ያልደረሰችበት ነገር ያለ አስመስላ፣ እንዳጎነበሰች ትንሽ ቆየች።