እምቢ ማለት የነበረበት መቀርቀሪያ

ሳያንገራግር የሚዘጋ ነገር ሁሉ ጤነኛ ይመስለኝ ነበር። የጠመንጃ ጥገና ያስተማረኝ አባቴ «ቶሎ እሺ የሚልሽን መቀርቀሪያ ፍሪው» ሲለኝ፣ የሽማግሌ ቅኔ አድርጌ እሰማው ነበር እንጂ ቃል በቃል የሥራ መመሪያ መሆኑ አልገባኝም። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ በወንድሞቼ መካከል የወረደውን ዝምታም ሰላም ብዬ የጠራሁት በዚሁ ስሕተት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሜ አሮጌውን የወታደር ጠመንጃ ታቅፎ ወደ መጠገኛ ክፍሌ ገባ። የዱር አሳማ በቆሎውን ከግማሽ በላይ አውድሞበታል፤ የቀረው ካልተጠበቀ ልጆቹ ክረምቱን የሚሻገሩበት እህል የለም።

«እትዬ፣ ዘይት ብቻ ቀቢልኝ። ሳይመሽ መድረስ አለብኝ።»

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ቁጭ በል።»

«እኔ ቁጭ ስል አሳማው ቆሞ ይበላል!»

አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጥይት አለመጉረሱን በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥሁ። ከዚያ ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን መቀርቀሪያ ስቤ አወጣሁና ወለወልሁት። ከእጀታው ሥር የተቀረጸው ቁጥር በርሜሉ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ከጥይት በጥቂቱ የሚረዝመውን የአባቴን የብረት መለኪያ አጉርሼ መቀርቀሪያውን በሁለት ጣት ገፋሁት። ጤነኛ መሣሪያ በዚህ መለኪያ ላይ አልዘጋም ብሎ ይገግማል። ይህኛው ያለ አንዳች ተቃውሞ ተዘጋ። ቢተኮስ ቀልሃው ተሰንጥቆ እሳቱ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል።

«ይህ መቀርቀሪያ ያንተ አይደለም» አልሁት።

ያኔ ለሁለታችንም ትዝ አለን። ከቀብሩ ማግስት ሁለቱ ወንድሞቼ ከአባታችን የወረሷቸውን አንድ ዓይነት ጠመንጃዎች በአንድ ጨርቅ ላይ ፈታተው ሲወለውሉ፣ ስለ ማሳ ክፍፍል ተጣሉ፤ በንዴት እጃቸው የገባውን መቀርቀሪያ እየከተቱ ተለያዩ።

ታናሼ ፊቱ አመድ መሰለ። «የኔው እሱ ዘንድ ነዋ! እሱም ዛሬ አሳማ እየጠበቀ ነው።»

ደወልን። ታላቃችን ከተጣሉ ወዲህ የማናችንንም ስልክ አንሥቶ አያውቅም፤ አሁንም አላነሣም። መለኪያውን፣ ጠመኔና ነጭ ጋዝ ይዤ ከታናሼ ጋር ሮጥሁ።

ታላቃችን ከወንዙ ማዶ፣ ከማሳው ጥግ፣ ጠመንጃውን አጉርሶ ቆሟል።

«ምነው፣ ለአሳማው ጠበቃ ልትቆሙለት መጣችሁ?»

«ጋሼ፣ በአባታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ ጥይቱን አውጣ!» አለ ታናሼ።

«ልትቀሙኝ ነዋ! ጠዋት ተኩሼበታለሁ፤ ምን ሆንሁ?»

ታናሼ የያዘውን መቀርቀሪያ ከታላቁ እግር ሥር አስቀመጠ። «ይኸው ያንተ። የኔን ስጠኝና እስኪወጣልህ ስደበኝ።»

ታላቃችን ጎንበስ ብሎ ከእጀታው ሥር ያለውን ቁጥር አነበበ። ከዚያ ጥይቱን አውጥቶ መቀርቀሪያውን ሰጠኝ። ነጭ ጋዝ ቀባሁት፣ አድርቄ ጠረግሁት፣ የጠመኔ ዱቄት ነፋሁበትና ጠበቅን። መቀርቀሪያውን ከበርሜሉ ጋር ከሚቆልፉት ጥርሶች በአንዱ ሥር፣ በነጩ ዱቄት ላይ፣ ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ቀስ እያለ ወጣ፤ ስንጥቁ የጠጣውን ጋዝ እየተፋ ነበር።

ታላቃችን ጠዋት ከሰደፉ ላይ ያስደገፈውን ጉንጩን ዳበሰ።

የታላቃችንን መቀርቀሪያ ለራሱ ጠመንጃ መልሼ መለኪያውን አጎረስሁ። ገፋሁት፤ እምቢ አለ። ደግሜ ገፋሁት፤ እምቢ አለ። በሕይወቴ እምቢታ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ለኔስ?» አለ ታናሼ።

«ላንተ የለም።» የተሰነጠቀውን የራሱን መቀርቀሪያ ኪሴ ከተትሁት።

«አንዲት ጥይት ብቻ እኮ ነው፣ እትዬ! ልጆቼስ?»

«ልጆችህ አባትም ያስፈልጋቸዋል።»

አንድ ጠመንጃ ወንዝ የከፈላቸውን ሁለት ማሳዎች አይጠብቅም። የታላቃችን በቆሎ ገና ሙሉ ነው፤ የታናሼ ከግማሽ በታች። ታላቃችን ማንንም ሳያይ «የኔን እንካፈላለን» አለ። ታናሼ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከማዶ፣ ከታናሼ ማሳ፣ የበቆሎ አገዳ ሲሰበር ይሰማ ነበር።

የታላቃችንን ማሳ ጠበቅን፤ የታናሼን ለአሳማው ተውነው።